ጣቶቿን የጨበጠችው ልጅ

ሰሞኑን አንዲት የባሌት ተማሪ ጻፈችልኝ። ጉልበቷ ተጎድቶ ሐኪሟ ሦስት ወር እረፊ ብሏታል። «የለፋሁበት ሁሉ ሊጠፋብኝ ነው?» ትላለች። መልስ ልጽፍላት ስቀመጥ ሌላ ልጅ ትዝ አለችኝ።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ነው። ቁርጭምጭሚቷን ወለም ያላት ተማሪ ነበረችኝ። ከክፍል ግን አልቀረችም። ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ታየናለች። አንድ ቀን ዞር ስል ሁለት ጣቶቿን ጭኗ ላይ ታራምዳለች። ይነሳሉ፣ ይዞራሉ፣ ቀስ ብለው ያርፋሉ። የምትጫወት መሰለኝ። «እጅሽን ሰብስቢ፣ ሌሎቹን አትረብሺ» አልኳት፣ ሰው ሁሉ ፊት። ጣቶቿን ጨበጠቻቸው። ክፍሉ እስኪያልቅ አልፈታቻቸውም። በሳምንቱ አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላም። የት ገባች ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

ልጅቷ ምን እያደረገች እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ የኩባዋን ባሌት ደናሽ የአሊሲያ አሎንሶን ታሪክ ሳነብ ነው። አሎንሶ ገና በወጣትነቷ የዓይኗ ሬቲና፣ ብርሃን የሚቀበለው የውስጥ ሽፋን፣ ተላቀቀ። ደጋግማ ኦፕራሲዮን ሆነች። አንድ ዓመት ያህል ጭንቅላቷን ሳታንቀሳቅስ አልጋ ላይ ተኛች። ባሏ ፈርናንዶ አጠገቧ እየተቀመጠ «ጂዜል» የተባለውን ታዋቂ ባሌት እርምጃ በጣት ያስጠናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ኒውዮርክ ውስጥ ዋናውን ሚና የምትደንሰው አሊሺያ ማርኮቫ ስትታመም እሷ ተተክታ ጂዜልን ደነሰች። ገና 22 ዓመቷ ነበር። የጎን እይታዋ ግን አልተመለሰላትም። መድረክ ላይ በመብራቶቹ ብርሃን ነበር ቦታዋን የምታውቀው። አብሯት የሚደንሰው ሰው ደግሞ ከቦታው ዝንፍ ማለት አይችልም። በ1948 ሀቫና ላይ የራሷን ቡድን አቋቋመች፤ በኋላ የኩባ ብሔራዊ ባሌት የሆነው እሱ ነው። ሰባ ዓመት አልፏትም ትደንስ ነበር።

የዛሬ ልጆች ልምምዱን በስልክ ትቀርጹና ዓይናችሁ እዚያው ስልኩ ላይ ይቀራል። ቁጭ ብሎ ማየት ሥራ አይመስላችሁም። ይሄ ያናድደኛል። ግን ያቺን ልጅ እያየች እየሠራች ሳለ ያስቆምኳት እኔ ነኝ።

ልጄ፣ ሐኪምሽን ስሚ። አሎንሶ ሐኪሞቿን ሁሌ አልሰማችም፤ እኔም ለዚህ ድፍረቷ አደንቃታለሁ። አንቺ ግን ስሚ። ጡንቻሽ ይላላል፣ ይመለሳል። ክፍል እየሄድሽ ተቀመጪ። አስተማሪሽ ቢቆጣሽም ጣቶችሽን አትሰብስቢ።

የትኛውን ዳንስ እየተለማመድሽ እንደነበር ግን አልነገርሽኝም። እሱን ጻፊልኝ።