መልስ፦ የአእምሮ ታማሚ ቤተሰብ ቤት ሄጄ ምን ልበል?

ወንድምህ ተሽሎት፣ ጤና ጣቢያው ሌሎች ቤተሰቦችን እንድታግዝ ሲጠይቅህ «ሐኪም አይደለሁ፣ ምን እላቸዋለሁ?» ብለሃል። የተፈለግኸው እኮ ሐኪም ስላልሆንክ ነው።

ከጎንደር ሰፈሮች አዘዞም ሆነ ማራኪ፣ ቤት ስትገባ ከታማሚው አትጀምር። እናቱን «እማማ፣ እርስዎስ እንቅልፍ አለዎት?» በላቸው። ብዙዎቹን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ቡናው እስኪፈላ ስማ። የራስህን ቤት ታሪክ ካነሳህ አጭር ይሁን፤ ወንድምህንም አስቀድመህ አስፈቅድ።

ጠበል መነሳቱ አይቀርም፣ ጎንደር ነዋ! አትከራከር። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ። አደጋው መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ነው፤ ያኔ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ያገረሻል። በጠበል ወይ በጾም ምክንያት የመድኃኒቱ ሰዓት ካልተመቸ ከጤና ባለሙያው ጋር ያስተካክሉ። መጠኑን ግን አንተ እንዳትነካ።

ሕመሙ ሊመለስ ሲል እንቅልፍ ማጣት፣ መጠራጠር፣ ከሰው መሸሽ ቀድመው ይታያሉ። እነሱ ቤት የትኛው እንደሚቀድም አብራችሁ ጻፉት።

ታማሚው ታስሮ ብታገኘው ቤተሰቡን አትቆጣ፣ ብዙ ጊዜ ጨንቋቸው ነው። ለባለሙያው ግን ሳትውል ሳታድር ንገር። የሰማኸው ጎረቤት ጋ አይድረስ። ታማሚው ራሱን ስለ ማጥፋት ካወራ ግን ሚስጥር የሚባል የለም፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።