መብራት ጠፍቶ የተቋረጠ ኤፒቲ

ጥያቄ፦ የኮምፒውተሬን ስርዓተ ክወና ኡቡንቱን በፕሮግራም መጫኛው በኤፒቲ፣ «ሱዶ ኤፒቲ አፕግሬድ» ብዬ እያሻሻልኩ መብራት ጠፋ። አሁን ምንም ፕሮግራም አልጭን አለኝ። ሎክ የሚባለውን ፋይል ላጥፋው?

መልስ፦ እባክዎ አያጥፉት! ሎክ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ የፓኬጆቹን (ፕሮግራሞች ታሽገው የሚመጡባቸውን ጥቅሎች) መዝገብ እንዳያበላሹ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኡቡንቱ ራሱ ከጀርባ የደህንነት ማሻሻያ ስለሚጭን፣ ሎኩን የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል፤ እስኪጨርስ ይታገሱ። ከዚያ ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ብለው በላቲን ፊደል (sudo dpkg --configure -a) ይጻፉ። ከኮንፊገር በፊት ሰረዙ ሁለት ነው። ይህ ትእዛዝ ተፈትተው መዋቀር የቀራቸውን ፓኬጆች ይጨርሳል። የጎደለ ፓኬጅ አለ ካለዎት «ሱዶ ኤፒቲ --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» (sudo apt --fix-broken install) ያሟላዋል። ቀጥሎ «ሱዶ ኤፒቲ አፕዴት»፣ ከዚያ «ሱዶ ኤፒቲ አፕግሬድ» ይበሉ። አፕዴት የፓኬጆቹን ዝርዝር ብቻ ያድሳል እንጂ ምንም አይጭንም፤ ብዙ ሰው ይህን ያምታታል። «ኤፒቲ ክሊን» አሁን አይበሉ፤ የወረዱትን ፋይሎች አጥፍቶ ዳታዎን ዳግመኛ ያስበላዎታል።