መልስ፦ ሌሊት የማውቀው ፈተና ላይ ለምን ይጠፋብኛል?

አልጠፋብህም፤ መጀመሪያውኑ አልተቀመጠም። «ሌሊቱን ሙሉ አንብቤ ጠዋት ባዶ ሆንኩ» ብለሃል። ማታ ያወቅከው የመሰለህ ደብተሩ ፊትህ ስለነበር ነው። አይቶ መለየትና ከራስ አውጥቶ መጻፍ ለየቅል ናቸው።

አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚይዘው ሂፖካምፐስ የሚባል፣ ከጆሮህ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ትንሽ የአንጎል ክፍል ነው። ስትተኛ፣ በተለይ እንቅልፉ ሲጠልቅ፣ ቀን የያዘውን እየደጋገመ ወደ ውጨኛው የአንጎል ክፍል ያሻግረዋል። አንተ ደግሞ እሷኑ እንቅልፍ ዘለልካት።

እንዲህ አድርግ፦

1. አንድ ገጽ አንብብ፣ ደብተሩን ዝጋ፣ በጭንቅላትህ የቀረውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፍ። ያታግላል። የሚያስቀምጠውም ያ ትግል ነው።
2. በማግስቱ ድገመው፣ ከዚያ ከሦስት ቀን፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየሸመደደ ራሱን ሲፈትን፣ ከግማሽ በላዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠፍቶበታል (ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው)።
3. ከፈተናው በፊት ባለው ሌሊት ተኛ።

ቡና ላይ ግን ተጠንቀቅ። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቼ አደርኩ። ጠዋት መልስ ወረቀቱ ላይ የራሴን መታወቂያ ቁጥር አጣሁት። ዓይንህን ይከፍትልሃል እንጂ የእንቅልፉን ሥራ አይሠራልህም።