በወጥመድ የዱር እንስሳትን ቁጥር ለምትገምቱ ወጣቶች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በወጥመድ የተያዙት እንስሳት ብዛትና በአካባቢው የሚኖሩት ብዛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ማን ያጣዋል ትሉ ይሆናል፤ ይሁንና «ዘንድሮ ብዙ ስለያዝን እንስሳቱ በዝተዋል» የሚል ዘገባ ዛሬም ይቀርብልኛል። ምናልባት በዱሩ ምግብ ስለጠፋ ማባበያው ይበልጥ ስቧቸው ይሆናል እንጂ አልበዙም።

ምልክት አድርጎ መልቀቅና መልሶ መያዝ የተባለው ዘዴ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ፍሬድሪክ ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1930 የሰሜን አሜሪካን ዳክዬዎች ቁጥር የገመተበት ስሌት ቀላል ነው፦ ለምሳሌ 60 አይጦች ላይ ምልክት አድርጋችሁ ከለቀቃችሁ በኋላ፣ በሁለተኛው ዙር ከያዛችኋቸው 50 አይጦች 12ቱ ምልክት ቢኖራቸው፣ 60 በ50 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 250 ይሰጣል። ስሌቱ በትንሽ ናሙና ላይ ግምቱን ስለሚያጋንን፣ የስታቲስቲክስ ሊቁ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1951 ባቀረበው ማስተካከያ 238 ገደማ ይሆናል።

አስቸጋሪው እንስሳቱ ሁሉ እኩል የመያዝ ዕድል አላቸው የሚለው የስሌቱ እሳቤ ነው። ወጥመድ ውስጥ እህል እንዳለ የለመደች አይጥ ሌሊት ሌሊት እየተመላለሰች ስትገባ ምልክት ያላቸው ቁጥር ያብጣል፣ ግምቱም ከእውነቱ ያንሳል። አንዴ ተይዛ የደነገጠችው ደግሞ ዳግመኛ ስለማትቀርብ ግምቱን ከፍ ታደርገዋለች፤ የጆሮ ምልክት መውለቁም እንዲሁ። ስለዚህ ሁለት ዙር አይበቃችሁም፤ ደጋግማችሁ አጥምዱ፣ የእያንዳንዱን እንስሳ የመያዝ ታሪክም ለየብቻ መዝግቡ።

ማለዳ ወጥመዶቹን ስትጎበኙ በሩ ተዘግቶ ውስጡ ባዶ የሆነ ታገኛላችሁ። ብዙዎች «ምንም አልያዘም» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ቁጭ ብላችሁ እንድትመረምሩት እፈልጋለሁ፤ ማባበያው ተበልቶ ኩስ ከቀረ አንድ እንስሳ ገብቶ አምልጧል፣ ማባበያው እንዳለ ከሆነ ግን ንፋስ ወይም ጉንዳን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። በዚያም ሆነ በዚህ ያ ወጥመድ ከተዘጋበት ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ አልነበረምና፣ ሙሉ ሌሊት እንደሠራ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ሌላው የስፋት ጉዳይ ነው። ከወጥመዶቹ ረድፍ ውጭ የሚኖሩ እንስሳትም እየመጡ ስለሚያዙ፣ ግምቱን ወጥመዶቹ ለተዘረጉበት መሬት ብቻ ብታካፍሉት ጥግግቱ፣ ማለትም በአንድ የመሬት ስፋት ላይ የሚኖሩት እንስሳት ብዛት፣ ያለ አግባብ ይጨምራል። ዛሬ ይህን የሚያርሙ ስሌቶች አሉ፤ የሚሠሩት ግን እያንዳንዱ እንስሳ በየትኛው ወጥመድ እንደተያዘ ሲታወቅ ነው። ከቀኑ ጎን የወጥመዱን ቁጥር እዚያው ሜዳ ላይ ጻፉ፤ ማታ ከትዝታ የሚሞላ ቅጽ ለዚህ አይሆንም።