ሬንደሩን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጊው

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ፎቶ ቤት ያላት እህታችን እንዲህ ትላለች፦ «ያለኝ አንድ ዴስክቶፕ ነው፤ ራሙ 8 ጊጋ። የሠርግ ቪዲዮ ሬንደር ላይ እያለ (ተቀናብሮ ወደ መጨረሻው ፋይል እየተለወጠ) ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ደንበኛ ይመጣል፣ ፎቶሾፕ ግን አልንቀሳቀስ ይላል። ሬንደሩ ቶሎ አልቆ ይገላግለኝ ብዬ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ገባሁና የቪዲዮ ማቀናበሪያዬን ፕሪሚየርን ሪልታይም ላይ አደረግኩት። ማውሱም ኪቦርዱም ደረቀ። በመጨረሻ ከሶኬት ነቅዬ አጠፋሁት። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከሶኬት መንቀል የሰው ሠርግ የያዘውን ፋይል ሊያበላሽብሽ ይችላል። ስለዚህ ሪልታይም የሚባለውን ከፍተኛውን የቅድሚያ ደረጃ ከእንግዲህ አትንኪው። ለምን እንደደረቀ ላስረዳሽ።

ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ሥራ ከ0 እስከ 31 የሚደርስ የቅድሚያ ቁጥር ይሰጣል። ፕሮሰሰሩ ሁልጊዜ የሚያነሳው ለመሥራት ከተዘጋጁት መካከል ቁጥሩ ከፍ ያለውን ነው፤ እኩል የሆኑት በየተራ ይስተናገዳሉ። ታስክ ማናጀር ላይ የምታያቸው ስሞች መነሻ ቁጥር አላቸው፦ ሎው 4፣ ቢሎው ኖርማል 6፣ ኖርማል 8፣ አበቭ ኖርማል 10፣ ሃይ 13፣ ሪልታይም 24። አንድ ሥራ ተራ አጥቶ 4 ሰከንድ ያህል ከቆየ፣ ዊንዶውስ ራሱ ለአጭር ጊዜ ወደ 15 ከፍ አድርጎ ትንሽ ያሠራዋል። ሪልታይም ግን የሚጀምረው ከ16 ነው። ሬንደር ደግሞ ያገኘውን ኮር (የፕሮሰሰሩን የሥራ ክፍል) ሁሉ ይይዛል። ኮሮቹ በሙሉ በ24 ከተያዙ፣ 15 የደረሰውም ቢሆን ደጅ ሲጠና ይውላል። ማውሱን የሚያንቀሳቅሰውም፣ ዲስክ ላይ የሚጽፈውም እዚያው ቀረ።

ደግሞም ቅድሚያ ለፕሮሰሰሩ ጉልበት አይጨምርለትም። ማታ ሱቁን ዘግተሽ ሬንደሩን ብቻውን ብትተዪው፣ ኖርማል ላይም ሆነ ሃይ ላይ ቢሆን የሚጨርስበት ሰዓት ያው ነው፤ የሚሻማው የለማ።

እኔ ለፎቶ ቤት ሁሉ የምመክረው ከባዱን ሥራ ማውረድ ነው። ሬንደሩን ካስጀመርሽ በኋላ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረሽ ተጫኚ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ዲቴይልስ የሚለውን ክፈቺና ሲፒዩ (ፕሮሰሰር) የሚለውን ርዕስ ንኪው፤ ብዙ የሚበላው ከላይ እስኪመጣ ድረስ። ከላይ የመጣው ፕሪሚየር ላይሆን ይችላል። ቪዲዮውን ወደ ሚዲያ ኢንኮደር ልከሽው ከሆነ ሥራውን የያዘው እሱ ወይም ከጀርባ የተነሳ ሌላ ፕሮግራም ነው። ስሙን ትተሽ የሲፒዩ ቁጥሩን ተከተዪ። ራይት ክሊክ አድርጊው፣ ሴት ፕራዮሪቲ፣ ከዚያ ቢሎው ኖርማል። ፎቶሾፕን እንዳለ ተዪው፤ እሱ 8 ላይ፣ ሬንደሩ 6 ላይ ነው፣ ይበቃል። አንቺ ከደንበኛው ጋር ስታወሪ ወይም የፎቶውን ዳራ ስትመርጪ ፎቶሾፕ የማይጠቀምበትን ጊዜ ሁሉ ሬንደሩ ስለሚወስደው፣ የሚዘገየው በጥቂቱ ነው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ቅንብሩ አብሮ ይጠፋልና በሚቀጥለው ሬንደር እንደገና ማድረግ አለብሽ። ዊንዶውስ 11 ላይ ያለው ኃይል ቆጣቢው ኤፊሸንሲ ሞድ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሬንደሩን ከሚገባው በላይ ያዘገይብሻል።

ፕሪንተሩን የሚያስተናግደውን ስፑለር ዝቅ እንዳታደርጊ። ፎቶሾፕ ምንም ከፍ ቢል ወረቀቱ የሚወጣው ስፑለሩ ሲደርሰው ነው፤ ፈጣኑ ቀርፋፋውን ይጠብቃል። ይህ ነገር ትልልቆቹንም አስቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ መንኮራኩር ፓዝፋይንደር ኮምፒውተሯ በተደጋጋሚ ራሱን እያጠፋ ይነሳ ነበር። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ሥራ፣ ከፍተኛው ሥራ የሚፈልገውን የጋራ ቁልፍ ይዞ ሳለ መካከለኞቹ እየገቡ ያቋርጡት ነበር። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው ያስተካከሉት፣ ቁልፍ የያዘው ሥራ እሱን የሚጠብቀውን ሥራ ቅድሚያ ለጊዜው እንዲወርስ በማድረግ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ማሽን ልመለስ፤ አንድ የምጠረጥረው ነገር አለ። 8 ጊጋ ራም (ሜሞሪ) ፕሪሚየርን፣ ፎቶሾፕንና ክሮምን አንድ ላይ አይችልም። ታስክ ማናጀር ላይ ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ ክፈቺ። ሜሞሪው ሊሞላ ደርሶ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ፣ ፎቶሾፕ የሚጠብቀው ዲስኩን ነው፤ ቅድሚያውን የፈለግሽውን ብታደርጊው ለውጥ የለም። ክሮምን ዝጊ፣ ቀጥሎ ስለ ራም እናስባለን። ዲስክሽ የድሮው ተሽከርካሪ ከሆነ ደግሞ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ከሁሉም በፊት ይምጣ።

እዚያው ገጽ ላይ ስፒድ የሚለውንም እዪ። ሬንደር ላይ ሳለ ቤዝ ስፒድ ከሚለው በጣም ከወረደ፣ ፕሮሰሰሩ ሞቆ ራሱን እያቀዘቀዘ ነው ማለት ይሆናል። በድሬ ሙቀትና አቧራ ይህ በብዛት የማገኘው ችግር ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ፣ ከሶኬት ነቅለሽ፣ የፕሮሰሰሩን ፋን በጣትሽ እንዳይዞር ያዢና አቧራውን በብሎወር አስወጪ። በዚያ ካልተሻለው ሙቀት አስተላላፊው ፔስት ደርቋል፣ ይቀየር።

በሚቀጥለው ሬንደር ላይ ቢሎው ኖርማል ካደረግሽው በኋላ የፐርፎርማንስን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክና ስፒድ አራቱም ይታዩ። ራም ይገዛ አይገዛ የሚለውን ያንን አይቼ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ ገንዘብ አታውጪ።