«አንገቷን አንቋት ነበር፤ እሷ ግን ይወደኛል ትላለች»

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ? የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዶርም አብራኝ የምትኖር ልጅ ፍቅረኛዋ እዚሁ ግቢ ነው የሚማረው። ስልኳን ይፈትሻል። የቴሌግራም ፓስወርዷን ወስዷል። ወንዶች ካሉበት ግሩፕ ጋር አሳይመንት እንድትሠራ አይፈልግም። በቀደም ተጣልተው አንገቷን አንቆ ያዛት። በማግስቱ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቃት፤ ታረቁ። ተይው ስላት «በጣም ስለሚወደኝ እኮ ነው የሚቀናው» ትለኛለች። ተናድጄ ላኮርፋት ምንም አልቀረኝም። ወይስ እሱን ራሱን ላናግረው?
የጨነቃት የዶርም ጓደኛ

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አታኩርፊያት። እሱን የሚመቸው ብቻዋን ስትቀርለት ነው።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ የአንገቷ ነገር ነው። ተማሪዎች ሳማክር ብዙዎቹ «ትንሽ ተጣልተን ነበር» ብለው ይጀምራሉ። ሊወጡ ሲሉ፣ በሩ ላይ ሆነው «አንቆኝም ነበር» ይላሉ። እኔም መልሼ አስቀምጣቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አጋሯ አንቋት የሚያውቅ ሴት ከሌሎች ተደብዳቢ ሴቶች ጋር ስትነጻጸር በዚያው ሰው የመገደል አደጋዋ 7 እጥፍ ገደማ ነው።

ቆዳዋ ላይ ምንም ባይታይም ውስጧ ሊጎዳ ይችላል። ድምጿ ጎርንኗል? ስትውጥ ያማታል? ያዞራታል? የአንገት ደም ሥር ተጎድቶ ከቀናት በኋላ ስትሮክ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ቀናት ቢያልፉም ሐኪም ዘንድ ይዘሻት ሂጂ። «አንገቴን አመመኝ» ሳይሆን «ታንቄ ነበር» ትበል።

ቅናት የምትለው ነገር ቁጥጥር ነው። ፍቅር ብትለው አልፈርድባትም፤ ሲያለቅስ ያየችው እሷ ናት። ልቅሶውም የእውነት ሊሆን ይችላል። ግን አልቅሶ ስልኳን መፈተሹን ተወ?

የባለትዳሮች ጣጣ ብቻ እንዳይመስልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት፣ አጋር ከነበራቸው የ15–19 ዓመት ልጃገረዶች ከ4 አንዷ ገደማ በአጋሯ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባታል። ግቢ ውስጥ ደግሞ መሸሻው ጠባብ ነው። የክፍል ፕሮግራሟን ያውቃል። ላይብረሪ የት እንደምትቀመጥ ያውቃል። ጓደኞቻቸው አንድ ናቸው፤ ሁሉም «ታረቁ» ይላል።

እሱን በፍጹም እንዳታናግሪው። ቂሙን የሚወጣው በእሷ ላይ ነው፤ ከአንቺም ይነጥላታል። እሷን ግን ብቻዋን ስታገኚያት አናግሪያት። በቴሌግራም አይሆንም፤ እሱ ያነበዋል። «ሞኝ ነሽ» አትበያት። «ሲያንቅሽ ትንፋሽ አጥሮሽ ነበር?» «ስልክሽን ብትከለክይው ምን ያደርጋል?» ብለሽ ጠይቂያት፤ ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት። ከፈቀደች የጉዳቱን ፎቶ አንቺ ስልክ ላይ አስቀምጪ። አስገድዷት ከሆነ ጊዜ የለም፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው ደግሞ እስከ 5 ቀን ነው፤ ሁለቱም በቶሎ ሲወሰዱ ይሻላሉ።

ልተወው ካለች ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። አደጋው የሚብሰው ሴቷ ስትለይ ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ እንገናኝ» ቢላት አትሂድ። ከመንገሯ በፊት የተማሪዎች አማካሪ ቢሮ ይወቅ፤ ዶርም መቀየር ካስፈለገ አስቀድሞ ይዘጋጅላት።

እንደገና ካነቃት ወይም «እገድልሻለሁ» ካላት ግን ፈቃዷን አትጠብቂ። ለግቢ ጥበቃና ለፖሊስ ተናገሪ። ብትቆጣሽም ትቆጣ።