ካድሚየም እሳት አይፈራም፦ በውጭ አገር በባሕር ዳርቻ ለምትኖሩ የድሬና የሐረር ልጆች

ድሬዳዋ ያደገ ሰው የባሕር ምግብ የሚያውቀው በጅቡቲ በኩል ነው። ሄዶ የየመኖቹን የምድጃ ዓሣ በልቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ያወራለታል። ዛጎል ውስጥ የሚኖረውን ግን ማንም ነገሬ አይለውም። መስል፣ ኦይስተር፣ ክላም የሚባለው ነገር ሳህን ላይ የሚመጣው ሲያትል፣ ሜልበርን ወይ ማርሴ ስትገቡ ነው።

እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ፈረንሳይኛውን ከቤት ይዤ ስለወጣሁ፣ ፈረንሳይ አገር አንድ የባሕር ዳር ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬም በአብዛኛው እነዚሁኑ ዛጎሎች ማጠብና መክፈት ነበር። አሁን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ጡረታዬን እየበላሁ ነው። በቀደም የእህቴ ልጅ ከሲያትል ደውላ «አጎቴ፣ ከጓደኞቼ ጋር ባሕር ዳር ክላም ልንለቅም ነው። በደንብ ከቀቀልነው ችግር የለውም አይደል?» አለችኝ።

ይሄን ጥያቄ ከብዙ ልጆች ሰምቼዋለሁ። እናቶቻችን ያስተማሩን የምግብ ጥንቃቄ በሙሉ እሳት ላይ የተመሠረተ ነው። ወተቱ ይፈላል፣ ሥጋው ይበስላል፣ ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ ይንተከተካል። ጀርም ለሚባለው ነገር ትክክል ነው። ካድሚየም፣ እርሳስና ሜርኩሪ የሚባሉት መርዛማ ብረቶች ግን ጀርም አይደሉም። የሚሞት ነገር የላቸውም። ብትቀቅሉት፣ ብትጠብሱት፣ ሎሚ ብትጨምቁበት፣ ሚጥሚጣ ብታርከፈክፉበት ያው ነው።

ይሄ ብረት ለምን ዛጎሎቹ ላይ ይበረታል? አበላላቸው ነው ነገሩ። መስልና ኦይስተር ምግብ ፍለጋ አይዞሩም። አንድ ቦታ ተጣብቀው ውሃውን ወደ ውስጥ እየሳቡ፣ በውስጡ ያለውን ደቃቅ ነገር ያስቀራሉ። አንድ ትልቅ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ያሳልፋል። በእኛ ጀሪካን ብንቆጥረው ባለ 20 ሊትሩ ዘጠኝ ይሞላና ይተርፋል። ታዲያ ውሃው የያዘውን ሁሉ እነሱም ይይዙታል። አሜሪካኖች ይህንኑ ጠባያቸውን ተጠቅመው ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መስልና ኦይስተር ከየባሕር ዳርቻው እየሰበሰቡ ይመረምራሉ፤ የውሃውን ብክለት የሚለኩት በነሱ ሥጋ ነው።

ምግብ ቤት ስሠራ ሽማግሌ ኦይስተር አርቢዎች ስለ አርካሾን ያወሩ ነበር። አርካሾን ፈረንሳይ ውስጥ በኦይስተር የታወቀ ባሕረ ሰላጤ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ኦይስተሩ መራባት አቆመ። ያደገውም ዛጎሉ እየወፈረ ቅርጹ ተበላሸ። ጥፋተኛው ሲፈለግ ጀልባዎቹ የሚቀቡት ቀለም ሆኖ ተገኘ። የባሕር አረምና ዛጎል ጀልባው ላይ እንዳይጣበቅ ትሪቡቲልቲን የሚባል የቆርቆሮ ውህድ ቀለሙ ውስጥ ይጨመር ነበር። ፈረንሳይ በ1982 ከ25 ሜትር በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ ከለከለችው። ለዓለም መርከቦች ሁሉ የሚሆነው ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው ግን በ2008 ነው። እስከዚያ ስንት ቀለም ባሕር ገባ፣ እናንተው ገምቱት።

ሚናማታን ደግሞ ስሙን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ጃፓን ውስጥ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ለዓመታት ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። በ1956 በሽታው በይፋ ሲታወቅ የተጎዱት ከዚያ ውሃ የወጣ ዓሣና ዛጎል ይበሉ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። እጅ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ዓይናቸው ደከመ፣ የታመሙ ሕፃናትም ተወለዱ። ድመቶቹ እንኳ እየተወራጩ ሞቱ።

ይሄን ስጽፍ ሽሪምፕ አትብሉ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አቦ፣ እንደዛማ አይደለም! በሜርኩሪ በኩል ሽሪምፕ፣ ክላም፣ ኦይስተርና ሸርጣን ከብዙ ትላልቅ ዓሣዎች ይሻላሉ። የአሜሪካ መንግሥት ለነፍሰ ጡሮች ባወጣው ምክር እነዚህን ከጥሩዎቹ ምርጫዎች ተራ መድቧቸዋል። በሳምንት ከ225 እስከ 340 ግራም ገደማ የባሕር ምግብ ይበቃል ይላል። አትንኩ የሚላቸው ሻርክን፣ ሰይፍ ዓሣንና መሰሎቻቸውን ነው። የዛጎሎቹ ዋና ጣጣ ካድሚየም ነው።

ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ይቀመጣል፤ ግማሹ እንኳ ለመውጣት አሥራ ምናምን፣ አንዳንዴም ሠላሳ ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ የዛሬ ማዕድ ሳይሆን የዓመታት ልማድ ነው የሚቆጠረው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በሳምንት ከ2.5 ማይክሮግራም በኪሎ የሰውነት ክብደት አይለፍ ይላል። ሰባ ኪሎ ለሚመዝን ሰው 175 ማይክሮግራም ይሆናል። የአውሮፓ ሕግ ደግሞ በመስልና በኦይስተር ሥጋ ውስጥ በኪሎ እስከ 1 ሚሊግራም (1,000 ማይክሮግራም) ይፈቅዳል። ሒሳቡን ሥሩት፦ ጣሪያው ላይ የደረሰ መስል 175 ግራም የበላ ሰው የሳምንቱን ድርሻ በአንድ ሳህን ጨረሰ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ከጣሪያው በብዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ አትደንግጡ። ግን በየሁለት ቀኑ ከሆነ ልብ በሉ። የሚያጨስ ሰው ከሲጋራው ብቻ ብዙ ካድሚየም ይሰበስባል። ብረት ያነሳት ሴት ደግሞ አንጀቷ ካድሚየሙን የበለጠ ይስባል፤ ከወሊድ በኋላ ያላችሁ እህቶች ይሄን አስቡበት።

አሁን ወደ ሸርጣን። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ልጆች በበጋ ጋዜጣ አንጥፋችሁ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሸርጣን እንደምትሰባብሩ አውቃለሁ። ነጩ ሥጋ ደህና ነው። ቅርፊቱን ስትከፍቱ የምታገኙት ቢጫው ነገር፣ ፈረንጆቹ ሰናፍጭ የሚሉት፣ የእንስሳው ጉበት ነው። ካድሚየሙም፣ ፒሲቢ የሚባለው የድሮ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ኬሚካልም የሚከማቸው እዚያ ነው። የሜሪላንድ ግዛት የአካባቢ መሥሪያ ቤትም ስለሱ ያስጠነቅቃል። የሎብስተሩ አረንጓዴ ጉበትም እንደዚያው ነው፤ የሎብስተር አገር የሆነችው የሜይን ግዛት ጤና ቢሮ ራሱ አትብሉት ይላል።

እኛን በተለይ የሚመለከተን መረቁ ነው። የሐረር ሰው መረቅ አይደፋም። ሑልበት መረቅ እየጠጣ ያደገ ሰው ሸርጣን የተቀቀለበትን ውሃ ሩዝ ሊያበስልበት ይችላል፣ አይቻለሁ። ሸርጣኑ ከነጉበቱ ሲቀቀል ግን በውስጡ ያለው ወደ ውሃው ይወጣል፤ ወደ ነጩ ሥጋም ይዛመታል። ከመቀቀሉ በፊት ክፈቱት፣ ጉበቱን አውጥታችሁ ጣሉ፣ ከዚያ አብስሉት። ውሃውን ድፉት። ልብ ያማል፣ ግን ድፉት።

መልቀሙን በተመለከተ ለእህቴ ልጅ የነገርኳትን ለናንተም እነግራለሁ። ወደብ፣ የጀልባ ማቆሚያና የእንጨት ድልድይ እግር ላይ የበቀለ መስል ነፃ ቢሆንም አይነካም። እንጨቱ እንዳይበሰብስ የሚቀባው ክሪዮዞትና የጀልባው ቀለም ሥጋው ውስጥ ይገባሉ። ሲያትል ያላችሁ፣ የዱዋሚሽ ወንዝ መውጫ ከ2001 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት የብክለት ማጽጃ ዝርዝር ውስጥ ነው። ከዚያ ውሃ ከሚያልፈው ሳልሞን በስተቀር ሸርጣንም ክላምም አይበላም፤ ዋናው ምክንያት ፒሲቢ ነው። ሲያትል ላለችበት ባሕረ ሰላጤ፣ ለሌላው የፑጄት ሳውንድ ዳርቻ፣ የዋሽንግተን ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት የተከፈተውንና የተዘጋውን የሚያሳይ ካርታ አለው። ከቤት ሳትወጡ እዩት። ሜልበርን ያላችሁ የሐረር ልጆች ደግሞ፣ ፖርት ፊሊፕ በሚባለው የከተማዋ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከዳርቻው እስከ ሁለት ሜትር ጥልቀት ድረስ ዛጎል መልቀም በሕግ ክልክል ነው። ኬሚካሉን ብትንቁ እንኳ ቅጣቱ አለ።

ምግብ ቤት ከሆነ ነገሩ ይቀላል። አሜሪካ ውስጥ ኦይስተር የሚመጣበት ከረጢት ላይ የት ውሃ፣ መቼ እንደተሰበሰበ የሚናገር ካርድ አለ። ምግብ ቤቱ ካርዱን 90 ቀን የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። እኔ ወጥ ቤት ስሠራ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ እንኮራ ነበር። «ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሁለት ቀን አቆይተን አጥበነዋል» ቢሏችሁ ግን ያ ለባክቴሪያ ነው። ብረቱን አያወጣም።

የሃይማኖቱን ነገር አልነካካም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ኦርቶዶክስ ይሄን ሁሉ ሐሳብ ተገላግሏል። የሐረር ሙስሊም ወገኔ በሻፊዒው መንገድ የባሕሩ በአብዛኛው ሐላል ነው፤ እሱ ነው ማንበብ ያለበት። ልጆቻችሁ ግን ትምህርት ቤትና የጓደኛ ቤት ምን እንደሚበሉ ማን ያውቃል።

በቆርቆሮ የታሸገውን ምግብም ላንሣ። በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ከቻይና የመጣ የታሸገ ክላም መርምሮ ፒፋስ የሚባሉትን የማይጠፉ ኬሚካሎች ስላገኘበት ከገበያ የተሰበሰበ ነበር። ለእረፍት ድሬ ስትመጡ የታጨሰ ኦይስተርና ክላም በቆርቆሮ ለስጦታ ይዛችሁ የምትመጡ አላችሁ። ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፤ ከየት እንደመጣ ካልተጻፈበት መደርደሪያው ላይ ተዉት። በዚያ ቦታ የደም ግፊት መለኪያ ብታመጡ እዚህ ሰፈር ሰልፍ ይያዝበታል።